ጋዋን ከበር አይወጣም

ቆቦ ላይ ታሂር የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የትኛው ታሂር ይሏችኋል። ዶክተር ታሂር ካላችሁ ግን የመጀመሪያው ባጃጅ ደጁ ድረስ ያደርሳችኋል። ሰውዬው ዶክተር አይደለም። ስድስተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሶ ሰባተኛን በመስኮት ያየ ሰው ነው። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች ትንሽ የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ ፍየልና ጥንቸል መንከባከብ ነው፤ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ከሥራቸው ይጠርጋል፣ ሐኪሟ ደም ስትቀዳ ቀንድ ይይዛል። የቅጥር ደብዳቤው «የእንስሳት ተንከባካቢ» ይላል። ደብዳቤውን ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

ዶክተርነቱን ያመጣው ጋዋኑ ነው። ጦርነቱ ላብራቶሪዋን ባዶ ግድግዳ አስቀርቷት አልፎ፣ እንደገና የተከፈተች ሰሞን አንድ ካርቶን ነጭ ጋዋን መጣ። ለዘበኛው ጠበበው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ረዘመባት፤ ለታሂር ግን ልክክ አለ። የዚያን ዕለት ከሥራ ሲወጣ ሳያወልቀው ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሲሄድ ጎረቤቱ መንሱር ባጃጁን አቆመና ዶክተር፣ ግባ ላድርስህ አለው። መንሱር ፌዙን ነበር። ታሂር ፌዙን እዚያው አስፋልቱ ላይ ትቶ ዶክተሩን ይዞ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ወር ሳይሞላ ከተማው በሙሉ ዶክተር አለው፤ ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ ከልቡ። የሚስቀውና የማይስቀው በድምፅ አይለይም፣ እሱም ለመለየት አልደከመም።

ሻይ ቤት ሲቀመጥ ሰው ይከበዋል። የአንዱ ፍየል ታስላለች፣ የአንዱ ልጅ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ የአንዱ ግመል መብላት እምቢ ብላለች። ታሂር እጅጌውን ያስተካክልና መጀመሪያ እጅህን በሳሙና ታጠብ ይላል፤ ለሁሉም መድኃኒቱ ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር ማንንም አልጎዳም፣ እንዲያውም የዳነም አይጠፋም። ታዲያ አንድም ሰው እኔ እጄን ብታጠብ ለፍየሏ ሳል ምን ይረዳታል ብሎ አልጠየቀውም። ጋዋን ለለበሰ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም።

የላብራቶሪዋ ፍየሎች እንደ መንደር ፍየል አይደሉም። ከአፋር ጠረፍና ከራያ ቆላ ቀበሌዎች፣ ግልገሎቻቸውን ያለጊዜያቸው እየጣሉ ባለቤቶቻቸውን ያስለቀሱ ናቸው። በሽታው ብሩሴላ ይባላል። ፍየሏን ያስጨነግፋታል። ወደ ሰው ሲሻገር ደግሞ የሚሄድ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ቁርጥማት ይሆናል። እርጉዝ ሴት ካገኘም ጽንሷን ሊያሳጣት ይችላል። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ብሩክታዊት ይህን ሁሉ ለሠራተኞቹ አንድ ከሰዓት ሙሉ አስረድታ፣ አሥር ደንብ በትልልቁ ጽፋ የእንስሳቱ ቤት በር ላይ ለጠፈች። ያለ ጓንት አይገባም። ቦቲ በረኪና ውስጥ ሳይነከር አይታለፍም። የእነዚህ ፍየሎች ወተት አይጠጣም። የእንግዴ ልጅ ይቃጠላል እንጂ ለውሻ አይጣልም። እያለ ይቀጥላል። ዘጠነኛው ጋዋን ከዚህ በር አይወጣም የሚል ነበር፤ አሥረኛው ትኩሳት የተሰማው ሠራተኛ በዚያው ቀን ይናገር ይላል። ታሂር ሳምንት ሳይሞላው አሥሩንም በቃሉ ያዘው። ማታ ማታ ራት ቀርቦ ሚስቱ ኡሙሃኒ እጁን ስታስታጥበው ከአንድ እስከ አሥር ይወጣላታል፤ ምስኪኗ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ታዳምጣለች።

ደንቡን ማስከበርም ይችልበታል። አንድ ጊዜ ከወደ ላይ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ በረኪናው ውስጥ አልረግጥም አለ። ታሂር በሩ ላይ ቆመ። ሰውዬው ማን እንደሆንኩ አታውቅም እንዴ ሲለው፣ እኔ አውቅዎታለሁ፣ ፍየሎቹ ግን አያውቁዎትም ብሎ መለሰው። ተቆጣጣሪው ሪፖርቱን አጥር ላይ ሆኖ ጽፎ ሄደ። ብሩክታዊት ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ታሂር ደግሞ ታሪኩን ሻይ ቤት ለሁለት ወር ተረከው፣ በየሳምንቱ የተቆጣጣሪው ማዕረግ አንድ ደረጃ ከፍ ይል ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ደንብ የሚያፈርሰው ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

ያፈርሰው የነበረው በክፋት አይደለም፣ በጨዋነት ነው። የራያ ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የአንዱን እጅ እየሳመ፣ ሰውን ከብቱን ዝናቡን ሳይጠይቅ አይላቀቅም። ገበሬዎቹ ፍየላቸውን እየጎተቱ ግቢው ሲደርሱ ታሂር ሥራ ላይ ነው፤ እጁ ላይ ጓንት አለ። አንድ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ በላስቲክ መዳፍ መቀበል ምን ማለት ነው? ከስድብ ይቆጠራል። ስለዚህ የቀኝ ጓንቱን ያወልቅና ብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ይጨብጣል፣ ይስማል፣ ይሳማል፣ መልሶ ያጠልቀዋል። በቀን አሥር ጊዜ፣ የገበያ ቀን ሲሆን ሃያ ጊዜ። ግራ እጁ ግልገል ይዞ ከሆነ ደግሞ ጓንቱን በጥርሱ ይጎትተዋል። ብሩክታዊት አንድ ጊዜ ዐይታው ጮኸችበት። የዛሬን ብቻ ነው ብሎ ማለላት። ከዚያ ወዲህ በጥርሱ የሚጎትተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሆነ።

ጋዋኑስ? ዘጠነኛውን ደንብ ታሂር የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። ቆሻሻ ጋዋን ከበር አይወጣም። የሱ ደግሞ ነጭ ነው፣ አንድ ጠብታ እድፍ ቢያርፍበት በጥፍሩ ይፍቀዋል። ላብራቶሪዋ ጓሮ ልብስ የሚቀቀልበት በርሜል አለ፤ ሌሎቹ የራሳቸውን እዚያ ይከታሉ። እሱ ግን በርሜሉ ኮሌታ ያጨማድዳል ይላል። ሐኪሟ ማይክሮስኮፗ ላይ አጎንብሳ ስታመሽ እሱ በጓሮ በር ይወጣና ገበያውን እንደ ልማዱ መሀል ለመሀል ይሰነጥቃል።

ከጋዋኑ በላይ የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር ልጁ ኢቅራ ነበረች። አንድ ናት፣ ሌላ የላቸውም። ጎብዬ አግብታ ስትሄድ ሚኒባሱ እስኪጠፋ መንገድ ዳር ቆሞ የቀረው እሱ ነው፤ እናቷ ቀድማ ወደ ቤት ገብታለች። አምና አርግዛ በሰባተኛ ወሯ እንደ ወጉ ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ያንን ሰሞን የታሂርን ደስታ ያየ ያውቀዋል። ኢቅራ ደግሞ እጇ ሥራ ካልያዘ የምትታመም ዓይነት ናት፤ አርፈሽ ተቀመጪ ብትባል ጋዋኑን ከእናቷ ቀማች። ሐሙስ ሐሙስ በእጇ ፈትጋ ታጥበዋለች፣ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፣ አርብ አርብ አባቷ እሱን ደርቦ መስጊድ ይሄዳል። ኢቅራ ያጠበችው ሌላ ነው እያለ ያላስተዋለለትን ሁሉ በግድ ያሳያል።

በስምንተኛ ወሯ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ምን ይባላል እንዲህ ሲሆን? ታሂር ለቀስተኛው ፊት አልሐምዱሊላህ፣ የሰጠው ወሰደው አለ። ልቡ ግን አልተቀበለውም። አንዲት ጎረቤታቸው ኢቅራን ሆድሽ እንዴት አምሮበታል ብላት ማሻአላህ ሳትል መሄዷን አስታወሰ። ዐይኗ ነው አለ። ስለ ጀርም አሥር ደንብ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ነጩን ጋዋን እንደለበሰ ደጁ ላይ ቆሞ ዐይኗ ነው አለ። ከዚያች ሴት ጋር ዓመት ሙሉ ሰላምታ አቆመ፤ ሴትዮዋም ምን እንደበደለች ሳታውቅ በደጁ ባለፈች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

ዘንድሮ ኢቅራ እንደገና አረገዘች። ታሂር ጓዳውን አስለሰነ፣ አንድ ሙክት ገዝቶ ጓሮ አሰረ፣ ሻይ ቤት በዚህ ወር ትመጣለች ብሎ አወጀ። የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ እናቷ ቤት መጥታ፣ በሕይወት ያለ ልጅ ታቅፋ፣ አምና የገባው ለቅሶ ከዚያ ቤት እንዲወጣ። ሰባተኛው ወር ገባ፣ ኢቅራ አልመጣችም። ሙቀቱ ከብዶኛል አለች። ስምንተኛው ሊጋመስ ሲል መንገዱ ያንገላታኛል አለች፤ ጎብዬና ቆቦ መሀል እኮ ሚኒባሱ እንኳ ቁጭ ብሎ ለመሳል አያደርስም። ቀጥሎ ደግሞ አማቴን ትቼ እንዴት አለች። ታሂር አበደ። የማን ልጅ ናት የመጀመሪያ ልጇን አማት ቤት የምትወልድ? ሰው ምን ይለኛል? ሻይ ቤት መንሱር ኢቅራ መጣች ወይ ባለው ቁጥር ሰበቡን እየቀያየረ ሰበብ አለቀበት። ኡሙሃኒን ሲያፈጥጥባት ልጅቷን አታስጨንቃት ብላ ፊቷን ታዞራለች። እናት ሆነሽ እንዴት አይቆጭሽም ብሎ ጮኸባት። እሷ እቃ ማጠቧን ቀጠለች።

በዚህ መሀል እሱም አልተሻለውም። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ማታ ማታ ትኩሳት ይመጣበታል፣ አንሶላው እስኪርስ ያልበዋል፣ ጠዋት ሰው ይመስላል። ወገቡ ለሁለት የተከፈለ ያህል ይሰማዋል። ወባ ነው ብሎ ራሱን መረመረ። ቆቦ ነው ያለነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜ ኪኒን ገዝቶ ዋጠ። አሥረኛውን ደንብ ለኡሙሃኒ እየወጣላት እንኳ ለሐኪሟ አልተናገረም፤ ዶክተር ይታመማል ወይ?

ታኅሣሥ ላይ ብሩክታዊት የሠራተኞቹ ሁሉ ደም ይመርመር አለች። ዘበኛውን እጅጌውን የሰበሰበለት፣ መርፌ የምትፈራዋን የጽዳት ሠራተኛ ያደፋፈረ ታሂር ነው። የራሱ ተራ ሲደርስ ጥንቸሎቹ ውሃ አልጠጡም ብሎ ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ራሷ መርፌውን ይዛ ጥንቸሎቹ ዘንድ መጣችበት።

ከሳምንት በኋላ ቢሮዋ ጠራችው፣ በሩን ዘጋች፣ ጋሽ ታሂር ይቀመጡ አለችው። ከአምስቱ ሠራተኛ በሽታው የተገኘበት አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ናሙናው ከዘበኛው ጋር ተለዋውጧል ብሎ ተከራከረ፤ ደግማ ቀድታ ነበርና ሁለተኛውን ውጤት አሳየችው። ያው ነው። በመድኃኒት ይድናል፣ ሳያቋርጡ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ አለችው። እሱ ግን ደንቡን አንድ ብሎ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አቋረጠችው፤ ደንቡንማ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ የሚያደርጉትን ይንገሩኝ አለችው። እየተጎተተ የጓንቱን ነገር ተናገረ። ጥርሱንም ተናገረ። ሐኪሟ ግንባሯን በእጇ ይዛ አዳመጠችው። አልተቆጣችም፣ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ጋዋንዎ በርሜሉ ውስጥ ሲቀቀል አንድም ቀን አላየሁም» አለች። «ማነው የሚያጥበው?»

«ቤት ነው።»

«ቤት ማን?»

«አሁን እናቷ» አለ ታሂር። «አምና ኢቅራ ነበረች።»

ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ኢቅራ ሐሙስ ሐሙስ ሆዷን ገፍታ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈትግ ታየችው። ፍየሎቹ የጣሏቸውን ግልገሎች በዚያ ጋዋን ደረት ላይ አስደግፎ ስንቴ ተሸክሟል? ሐኪሟ ኢቅራ ማናት አለችው። ልጄ ናት አለ። እርጉዝ ነበረች እንዴ ብላ ልትጠይቀው ጀምራ ፊቱን አይታ ተወችው። ውጭ አንዲት ፍየል ታለቅሳለች፣ የሚያበላት ሰው ቆይቶባታል።

«ጋዋኑ ነው ወይ?» አለ በመጨረሻ።

ልጅ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ እንደሆነ፣ ያኔ ናሙና ስላልተወሰደ ማንም እርግጡን ሊናገር እንደማይችል ብሩክታዊት ቀስ ብላ አስረዳችው። «አይደለም ልልዎት ግን አልችልም» አለች። ዛሬውኑ ሄደው ያስመርምሯት፣ አሁን እርጉዝ ከሆነች አንድ ቀንም አይደር አለችው።

ታሂር ተነሥቶ ጋዋኑን አወለቀ። ከሥሩ የነበረው ሸሚዝ ቀለሙ የለቀቀ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አይቶት ስለማያውቅ ኡሙሃኒም መቀየሩን ትታዋለች። ጋዋኑን በርሜሉ ውስጥ ከተተው። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ፣ ሦስተኛ ሊታጠብ ሲል ዘበኛው ምን ነካህ አለው። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሚኒባስ አስቆመ።

ያን ቀን ዶክተር ብሎ የጠራው አልነበረም። ረዳቱ አባት፣ ጠጋ በሉ አለው፤ ጠጋ አለ። ጥግ ላይ ተጨብጦ፣ ምን ብዬ ልጀምር እያለ ጎብዬ ደረሰ። የሚናገረው ቃል ፈልጎ ደንቡ ብቻ ይመጣበታል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቢያለቅስ ይሻለው ነበር፣ ዕንባውም እምቢ አለው። ልጅቷን ትምጣ እያለ ሦስት ወር ያስጨነቃት ሰው፣ ባትመጣበት የሚሻል ቤት ነው ለካ ያስለሰነላት።

ኢቅራ ግቢው ውስጥ ግራሯ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። ሆዷ ሰፌዱን ወደ ጉልበቷ ገፍቶታል። አባቷን በሩ ላይ ስታየው ሊወስደኝ መጣ ብላ ፊቷ ጠቆረ። ታሂር ግን አልገባም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ አትቅረቢኝ፣ ደም መመርመር አለብሽ፣ ዛሬውኑ፣ ልብሴ ላይ በሽታ ነበረ፣ እያለ አንዱን ካንዱ ሳያያይዝ አወረደው። ኢቅራ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ተመርምሬያለሁ አባ» አለች። «ደህና ነኝ። እሱም ደህና ነው፣ ሲራገጥ ነው የሚውለው።»

ታሂር የበሩን እንጨት ያዘ። ኢቅራ ተነሥታ እጁን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፤ ይሄ በሽታ በመጨባበጥ ከሰው ወደ ሰው እንደማይሄድ እሷ ነች ለሱ የነገረችው። ከዚያ ሁሉንም ተረከችለት። አምና ልጇን ቀብራ ከተመለሰች በኋላ ትኩሳቱ አልለቀቃትም ነበር። ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ፍሬዓለም የምትባል ነርስ ፍየል ታረቢያለሽ ወይ አለቻት፤ የለንም አለች። ጥሬ ወተት ትጠጫለሽ? አልጠጣም። አባትሽ ምን ይሠራል? ነገረቻት። ነርሷ መጻፏን አቆመች። ኢቅራም ያኔ ራት ላይ ስንት ማታ የሰማችውን ዘጠነኛውን ደንብ አስታወሰች። ተመርምራ ተገኘባት፣ ስድስት ሳምንት መድኃኒቱን ወሰደች፣ ዳግም ተመርምራ ነጻ ነሽ እስክትባል ድረስም አላረገዘችም።

ለእናቷ ብቻ ነገረቻት፣ አስማለቻትም። ኡሙሃኒ ከዚያ ወዲያ ታሂር እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቃ፣ እጇ ላይ ፌስታል አስራ፣ ጋዋኑን ከጓሮ በበረኪና ትቀቅለዋለች። ታሂር አፉን ያዘ። ዘንድሮ ንጣቱ ባሰ ብሎ በየሻይ ቤቱ ሲኩራራ የከረመው በዚህ ነው። ሚስቱ ይሄን ልብስ እዚያው ሥራ ቦታ ብትተወው ምናለ ብላ ሁለት ሦስቴ ለምናዋለች፤ ማማሬ አስቀናሽ ወይ ብሎ ስቆባት ነበር። ሲጮህባት እቃ እያጠበች ዝም ማለቷንም ግድ የለሽነት ነው ብሎ ነበር የተረጎመው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

ኢቅራ ማሽላውን በጣቷ ወዲያና ወዲህ አለችው። «ሰው ዶክተር ሲልህ ፊትህ ሲበራ አያለሁ» አለች። «ከተማው ሁሉ ያንን ሲሰጥህ እኔ ልጅህ ልቀማህ?»

ያን ጊዜ ዕንባው መጣ። እምቢ ያለው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። የልጅ ልጁን ስም እንኳ ሳያወጡለት እንደቀበሩት፣ አፈሩን ራሱ በእጁ እንዳለበሰው፣ ጋዋኑን ለብሶ እንደነበረ ሁሉ መጣበት። ያቺን ጎረቤቱን በምን አፉ ይቅርታ እንደሚጠይቃት አሰበ፤ ደጁ ላይ አንገቷን እየደፋች ስታልፍ ታየችው። ኢቅራ አጠገቡ ተቀመጠች። አማቷ ከቤት ብቅ ብለው ውሃ አስቀምጠው ተመለሱ።

«አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«ያኔ ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ታሂር መዋሸት ፈለገ። አዎ ማለት ምን ይከብዳል፣ አንዲት ቃል ናት። ግን ራሱን ያውቀዋል። ከፊቷ ቆሞ፣ ኮሌታውን እያስተካከለ፣ አስተማሪው እኔ ሆኜ እኔን ታስተምሪኛለሽ ሲላት ታየው።

«አላምንሽም ነበር» አለ። «ከአንድ እስከ አሥር ነበር የምወጣልሽ።»

ኢቅራ ሳቋ አመለጣት። ሳቁና ዕንባው ተደባልቆባት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ሆዷ ይንቀጠቀጣል። ታሂርም ሊስቅ ሞከረና ተወው። ቆይታ ፊቷን ጠረገች፣ እጁን አንሥታ ሳመችው።

«አውፍ ብዬሃለሁ አባ» አለች። «የምወልደው ግን እዚሁ ነው።»

«እሺ» አለ ታሂር።